ስንዝር ከሁለት ጣት

ወንድሜን የገደለው ቀለም አይደለም፤ ጉራ ነው። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚጠቁር ዘመዶች አሉኝ። ይጥቆር። አብሬው በአንድ ጣሪያ ሥር አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ። ደረቱ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲያፏጭ ጀርባውን ደግፌ የከረምኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ የምለውን እላለሁ።

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። በጋራዡ ውስጥ ጋሼ የምለው ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ለሌላው ሁሉ «ባለትንፋሹ» ነው። ቀለም የምንረጭበት ክፍል ከጋራዡ ጥግ በቆርቆሮ የተከለለ ነው። አንድ መስኮት፣ አየሩን ወደ ውጭ የሚጎትት አንድ ማራገቢያና ሁለት ረጃጅም አምፖሎች አሉት። ጋሼ መርጫውን ይዞ በሩ ላይ ይቆምና ደረቱን በአየር ይሞላል። ከዚያ አፉን ገጥሞ ይገባል፤ የመኪናውን ጎን ከዳር እስከ ዳር፣ መልሶ ከዳር እስከ ዳር፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይረጫል። ሲያልቅ ከበሩ ብቅ ብሎ «እፎይ!» ይላል። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ቆጠራውን ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ሰባ ሁለት ሲደርስ ጋሽ መዶሻ የያዘውን ጥሎ አጨበጨበ። ጋሽ መዶሻ የተጨረማመተ ላሜራ እየቀጠቀጠ የሚያቃና ሽማግሌ ነው፤ ቆጣሪውም ሁልጊዜ እሱ ነበር።

ጭምብል የሚባል ነገር ማንም አያደርግም። «ትንፋሽ ለሌለው ነው» ይላሉ። እኔም እንደነሱ አምን ነበር፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ቀለም ወደ ውስጡ አይገባም ብዬ። ሰባ ሁለት ድረስ የታፈነ ሰው ሰባ ሦስተኛው ላይ ከማንም የበለጠ አየር እንደሚስብ አላሰብንም። ያንን አየር የሚስበው ደግሞ በሩ ላይ፣ ጭጋጉ ተከትሎት በሚወጣበት ቦታ ነበር።

ሌላም እምነት ነበረን። የጋሼ ቀለም እኩል የሚያርፈው በትንፋሹ ነው ይባል ነበር። የሚተነፍስ ሰው ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ትከሻው ሲንቀሳቀስ እጁ ይስታል፣ እጁ ሲስት ቀለሙ አንዱ ጋ ይወፍርና ሌላው ጋ ይሳሳል። እንዲህ ሲባል ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም።

የእኔ ሥራ መስታወትና ጎማ በወረቀት መሸፈን፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግና ቀለም መቀላቀል ነው። መርጫ ያስተማረኝ የለም። ከኋላው ቆሜ እጁን እያየሁ፣ በምሳ ሰዓት መርጫውን ውሃ ሞልቼ የተጣለ የመኪና ኮፈን ላይ እየሞከርኩ ነው የለመድኩት። ጋሼ ለጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር፦

«ከመርጫው አፍ እስከ ላሜራው አንድ ስንዝር። ከዚያ ከቀረብክ ይፈሳል። ከራቅክ አቧራ ይሆንብሃል።»

እኔም ስንዝሬን ለክቼ እረጫለሁ። ይፈሳል። እንደገና ለክቼ እረጫለሁ። እንደ እንባ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈስብኝ፣ እጄ አይረባም ብዬ ቁርጤን አወቅሁ።

ከታመመ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ነገርኩት።

«አምጪ እስቲ እጅሽን» አለኝ።

መዳፌን ዘረጋሁ። የእሱን አጠገቡ ዘረጋ። ከአውራ ጣቱ ጫፍ እስከ ትንሿ ጣቱ ጫፍ ከእኔ በሁለት ጣት ይበልጣል። አየኝ፣ አየሁት፣ ከዚያ ሳል እስኪያፍነው ድረስ ሳቀ።

«አንቺ ሞኝ! በእኔ ስንዝር ነዋ!»

«ስንዝር አልክ እንጂ ‹በእኔ ስንዝር› መቼ አልክ?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው? የሚረጨው እኔ!»

ካርቶን አምጪ አለኝ። እጁን ዘርግቶ አስቀመጠና ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬለት ቆረጥኩት። እጁ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር መስመሩ ትንሽ ተወላግዷል። ከጀርባው «ስንዝር ከሁለት ጣት» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያው ሰሞን ሐኪም ዘንድ ሄደን ነበር። ሐኪሙ ደረቱን ሲያዳምጥ ቆየና «ቀለም ስትረጭ በምንድን ነው የምትከላከለው?» አለው።

«በትንፋሽ» አለ ጋሼ።

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እኔ ከዚያ ስወጣ በቀጥታ ሄጄ ጭምብል ገዛሁ፤ ግራና ቀኙ ላይ ክብ ማጣሪያ የሚገጠምበት፣ ዙሪያው ጎማ የሆነውን። ጋሼ ትንሽ በረታ ሲል ወደ ሥራ ተመለሰና ጭምብሉን ከነማጣሪያው እሽግ በቀለም ክፍሉ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለው። «ለጌጥ ያምራል» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ይህን አልደብቅም።

የመጨረሻ ሥራው የአንዲት ዳቦ ነጋዴ ማመላለሻ መኪና ነው። ግራ ጎኗ ተገጭቶ ጋሽ መዶሻ አቃንቶታል። ጎኑ መስኮት የሌለው፣ አራት እርምጃ የሚሆን ረጅም ሜዳ ነው፤ ከፊቱ የሹፌሩ በር አለ። ቀለሟ ብርማ ነው። ብርማ የቀቢ ጠላት ነው፤ ጥቁርም ነጭም የሚሸሽጉትን ስህተት እሱ ያጋልጣል። ጋሼ ጎኑን እስከ ማንጸባረቂያው፣ እስከ መጨረሻው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ቀብቶ ጨረሰ። ተፈትቶ የቆመውን በር ሳይጀምር ከክፍሉ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እፎይ» አላለም። ከዚያ ወዲያ ጋራዡን አላየውም። መኪናዋ አቧራ እንዳይነካት ሸራ ለብሳ ጥግ ቆመች።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሰኞ ተመለስኩ። የጋራዡ አለቃ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ መጣና ትከሻዬን ያዘኝ።

«ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ። እንግዲህ የዳቦዋ መኪና ዓርብ መውጣት አለባት። ጎኑን እንፋቀውና ቀጭኑ ከበሩ ጋር አንድ ላይ ይቀባዋል። በአንድ ጎን ላይ ሁለት እጅ አይስማማም።»

ቀጭኑ ከጋሼ ሥር የነበረ ሁለተኛው ቀቢ ነው። ከንፈሩ ላይ ሲጋራ ሳይኖር አይቼው አላውቅም።

«ጎኑ አይፋቅም» አልኩ።

«ምን ይደረግ ታዲያ?»

«በሩን እኔ እቀባዋለሁ።»

ከዚያ ቀጭኑ ጭሱን በአፍንጫው ለቀቀና «እህት ዓለም፣ በየትኛው ትንፋሽሽ?» አለ።

«እንደ ሰው እየተነፈስኩ።»

«ጭምብሏን አድርጋ እኮ ነው» አለ አንዱ ከኋላ። «ግመል ልትመስል ነው!»

«ግመል ዕድሜዋ ረጅም ነው» አልኩት።

ጋሽ መዶሻ ብቻ አልሳቀም። አለቃ አገጩን አሻሸ። ወንድሜን ይወደው ነበር፤ እምቢ ማለትም እሺ ማለትም ከበደው።

«ነገ ቀቢው» አለ በመጨረሻ። «ከነገ ወዲያ ጠዋት በሩ ይገጠምና መኪናዋን ፀሐይ ላይ እናወጣታለን። ከተመሳሰለ፣ የባለትንፋሹ ሥራ እንዳለ ይወጣል። ልዩነት ከታየ የሁለታችሁም ሥራ ይፋቃል። ነገር የለም?»

«ነገር የለም።»

የጋሼ የመጨረሻ ሥራ ነው። በከተማው መንገድ ላይ ሲሄድ የማየው፣ «ይሄ የእሱ እጅ ነው» የምለው ሌላ አልቀረልኝም። ለዚያ በር ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ማራገቢያውን አስነሳሁ። ቀጭኑ ሲጋራውን እንደያዘ የክፍሉን በር ተደግፎ ቆመ።

«አጥፋው።»

«ጋሼሽ እያለ እዚሁ ነበር የማጨሰው።»

«ጋሼ የለም። የቲነሩ እንፋሎት አንተን ከነሲጋራህ ጣሪያው ላይ ቢያወጣህ ማነው የሚያወርድህ? አጥፋው ወይም ራቅ በል።»

አጉረመረመ፤ ግን ጫማው ሥር ረገጠው።

እጅጌዬን እስከ አንጓዬ ቆልፌ ጓንትና መነጽር አደረግሁ። ማጣሪያዎቹን ከእሽጋቸው አውጥቼ ገጠምኩና ጭምብሉን ከጭንቅላቴ ኋላ አጠበቅሁት። ሁለቱን ማጣሪያዎች በመዳፌ ከድኜ ወደ ውስጥ ስስብ ጎማው ፊቴ ላይ ተጣበቀ። አየር በየትም በኩል አይገባም ማለት ነው። ከውጭ የሚያወሩትን እንደ ሩቅ ሬዲዮ እሰማ ነበር። ግመል የምትለዋ ቃል ሁለት ጊዜ መጣች።

በመጀመሪያ የጋሼን ካርቶን ከመርጫው አፍ እስከ በሩ ዘርግቼ ክንዴ ርቀቱን እስኪይዘው ቆየሁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ሞከርኩ። የሚረጨው ቀለም እንደ እንቁላል ረዘም ብሎ፣ ሁለት ጫፉ እኩል ሆኖ ወጣ። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

ክንዴን ከበሩ ውጭ፣ ባዶ አየር ላይ አስጀመርኩት። እጄ መሄድ ከጀመረ በኋላ የመርጫውን ቃታ ሳብኩ። አንጓዬን አላጠፍኩም፤ እጅ በአንጓ ከተወረወረ መሃሉ ይወፍርና ጫፉ ይሳሳል። ከሌላው ዳር ካለፍኩ በኋላ ለቀቅሁ። ሁለተኛውን መስመር የመጀመሪያውን ግማሽ እየደረብኩ ወረድኩ። ሦስተኛውን እንዲሁ።

አራተኛው ላይ ዓይኔ ጭልም አለ። ምን ነካኝ ብዬ ቃታውን ለቀቅሁ። ለካ አፌን ገጥሜ ትንፋሼን ይዣለሁ! ጭምብል አድርጌ፣ ማጣሪያ ገጥሜ፣ እንደ ጋሼ ታፍኛለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ከኋላው ቆሜ ያየሁትን ደረቴ ሳይጠይቀኝ ተምሮታል።

«ተንፍሺ» አልኩ ጮክ ብዬ። ድምፄ ጭምብሉ ውስጥ ጎርነን ብሎ፣ የእሱን መሰለኝ።

ተነፈስኩ። ትከሻዬ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። እጄ አልሳተም። እንደገና ተነፈስኩና መስመሩን እስከ ዳር ወሰድኩት። እጄ ካርቶኑ ያስያዘኝን ርቀት እንጂ ደረቴን አልሰማም። የፈለግሁትን ያህል እየተነፈስኩ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። በስሱ ቀብቼ እርጥበቱ ሲጠፋ ደገምኩ፤ ሦስተኛውን ጨመርኩ፤ ከዚያ ማንጸባረቂያውን። ስጨርስ ከአየር መግፊያው ከኮምፕረሰሩ የሚመጣውን አየር ዘጋሁ፤ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ቃታውን ስቤ አስወጣሁና ከዚያ በኋላ መርጫውን ነቅዬ አጠብኩ። ቀጭኑ የቱቦውን አየር ሳያስወጣ መርጫውን ሲነቅል ቀለም ፊቱ ላይ የተረጨበትን ቀን አልረሳሁም፤ እሱ ግን ረስቶታል።

ረቡዕ ጠዋት በሩን ገጥመን መኪናዋን ገፍተን አወጣናት። አለቃ ሸራውን ገፈፈ። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ጎኑን በአግድም ትመታዋለች።

አልተመሳሰለም።

ሕፃን እንኳ ያየዋል። በሩ አንድ ወጥ ሆኖ ይበራል፤ ጎኑ ሌላ ነው።

«ብያለሁ» አለ ቀጭኑ። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። «ጭምብል ትከሻ ያስነሳል። የእሱን ትንፋሽ ማን ያመጣዋል?»

«እጅ ነው፣ አይወረስም» አለ ሌላው።

አለቃ እጁን ራሴ ላይ አደረገ። «ሞከርሽ ልጄ። ነውር የለውም።»

እኔ ግን ዓይኔን ከጎኑ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ከላይ ያሉት መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ፤ የድሮው ጋሼ ናቸው። ከመሃል ዝቅ ሲል መስመሩ ለሁለት ተቆርጧል። የተቆረጠበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተደራርቦ ጠቆር ያለ ጠባሳ አለ። ወደ ታች ሲወረድ መስመሩ ለሦስት ተቆርጧል። ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ አንድ እርምጃ እንኳ አይሞላም። አጠር አጠር ያሉ ጠቃጠቆዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ላሜራው ሊታይ ምንም አልቀረውም።

ትንፋሹ ያለቀበትን ቦታ ሁሉ ማንበብ ይቻላል።

ሰዎቹ ግን አላነበቡትም። የባለትንፋሹ ሥራ ስለሆነ ስህተቱን በሩ ላይ ነበር የሚፈልጉት። ዝም ብል ሁለቱም ይፋቃል፤ የጋሼ ስም እንደ ነበረ ይቀመጣል፤ እኔም እጄ የማይረባ ሴት ሆኜ ወረቀቴን እለጥፋለሁ። ብናገር የወንድሜን የመጨረሻ ሥራ በገዛ አፌ በአደባባይ አዋርዳለሁ። ከዚያ ቀጭኑን አየሁት። ሐሙስ እለት የሚረጨው ሌላ መኪና አለ፤ እሱም ደረቱን ሞልቶ ይገባል፤ ጋሽ መዶሻም ይቆጥርለታል።

«ኑ» አልኩ። «ሁላችሁም ወዲህ ኑ። ጎንበስ በሉ፤ ከበሩ ላይ ሳይሆን ከዚህ እዩ።»

«ምኑን?»

«ይሄን። እዚህ ላይ ቆመ። እዚህ ላይ ቆመ። እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ።» ጣቴን ከጠባሳ ወደ ጠባሳ ወሰድኩ። «በሩ እኩል ነው። እኩል ያልሆነው ይሄ ነው። ትንፋሽ ትንፋሽ የምትሉት ይኸውላችሁ። በደንብ እዩት!»

አለቃ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀጥሎ ቀጭኑ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ከፀሐይዋ ጋር ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ አደረገ።

«ጋሽ መዶሻ» አልኩ፣ «ይሄን ጎን የቀባ ቀን ስንት ቆጠርክለት?»

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ።

«አላስቆጠረኝም። ሲገባ ዞር ብሎ ‹ዛሬ አትቁጠር› አለኝ። ጉሮሮውን አሞት መስሎኝ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከቀብሩ ጀምሮ እንደዚያ አላለቀስኩም። ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ አውቆም አፉን ገጥሞ ገባ። ጭምብሉ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

አለቃ ቀና ብሎ «በሩ ይቆያል» አለ። «ጎኑን ማን ይፋቀው?»

ቀጭኑ ወደ እኔ አላየም። «እኔ ልፋቀው፣ እሷ ይከብዳታል።»

«እጅህን እንዳታሳርፍበት!» አልኩት። «የወንድሜን ሥራ የምፍቀው እኔ ነኝ።»

ረቡዕንና ሐሙስን ሙሉ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ። ብርማው እንደ አመድ ውሃ ሆኖ በክንዴ ላይ ወረደ። መጀመሪያ የታችኞቹ ጠቃጠቆዎች ጠፉ፣ ቀጥሎ ለሁለት የተቆረጡት። ከላይ ያሉት፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱት ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ብርማ ግን በግማሽ አይቀባም፤ ያስተማረኝም እሱ ነው። ፈገፈግኋቸው። ጋሼ እንዲህ ያለ ሥራ ከጋራዡ ሲወጣ ቢያይ ማንንም ሳያስቸግር ራሱ ይፍቀው ነበር። ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው» ብለውኛል። አራት እርምጃ ላሜራ በእጃቸው ፈግፍገው ይምጡና እንነጋገራለን።

ዓርብ ጠዋት ጭምብሌን አጥብቄ ካርቶኑን ለክቼ ገባሁ። ጋሽ መዶሻ መስኮቱ አጠገብ ሥራውን ይዞ ነበር። ቃታውን ስስብ ከልማዱ የተነሳ መሆን አለበት፣ አፉ በራሱ ጀመረ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

ደነገጠና አቆመ። በመስኮቱ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ቁጠር አልኩት። ሌሎቹም እየተጠጉ መጡ። ቀጭኑ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣቱ ይዞ ከሁሉም ኋላ ቆመ።

ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ፣ ግማሹን ደርቤ ተመለስኩ። ሰባ ሁለት ሲል ድምፁ ሰለለ። ማንም አላጨበጨበም። ሰባ ሦስት አለ። እኔ እየተነፈስኩ ነበር። መቶ አለ። መስመሩ አልተቆረጠም። መቶ ሃምሳ ሲል አንዱ «ኧረ ተዉ!» ብሎ ሳቀ።

ሁለት መቶ አርባ ላይ ጋሽ መዶሻ ራሱ ትንፋሹ አለቀና ተወው። እኔ ገና ታችኛው ጠርዝ ላይ አልደረስኩም ነበር።